ከሰገሌ እስከ አራተኛ ክፍለ ጦር፦ ዘውድ እንዴት ባለቤት አጣ

የመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም፣ የሸዋ መኳንንት አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ሻሩ። ግብጻዊው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱንና ሠራዊቱን ከታማኝነት መሐላቸው ፈቱ። የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ የራስ መኮንን ልጅ ተፈሪ ደግሞ አልጋ ወራሽ ተባሉ። ልጅ ኢያሱ በዚያን ሰዓት ሐረር ነበሩ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትለው ሰገሌ ላይ ገጠሙ፤ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ ንጉሡም ተማረኩ። ከሃምሳ ስምንት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ማለዳ፣ ጥቂት መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የመውረጃቸውን አዋጅ አነበቡላቸውና በአንዲት ቮልስዋገን አሳፍረው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ወሰዷቸው። ያን ጠዋት ለንጉሡ ብሎ ጠመንጃ ያነሣ አልነበረም። በመጀመሪያው ሽረት ያ ሁሉ ደም ፈስሶ የተለወጠው ንጉሥ ብቻ ነው፤ ዘውዱ ቆሟል። በሁለተኛው ደግሞ ያለ ውጊያ ንጉሡ ወረዱ፣ ከስድስት ወር ከጥቂት ቀናት በኋላም ዘውዱ ራሱ በአዋጅ ተሰረዘ። ስለ ዘውድ መውደቅ ብዙ ተጽፏል፤ ረሃቡ፣ የንጉሡ ዕድሜ፣ የመሬቱ ጥያቄ፣ የወታደሩ ደመወዝ ሁሉም ተቆጥሯል። እነዚህ ንጉሥ ለምን እንደወደቀ ይነግሩናል። ዘውዱ አብሮ ለምን እንደወደቀ ለማወቅ ግን ከ1966 ራቅ ብሎ መነሣት ያሻል።

“ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” የሚለው ተረት የሀገሩን ምኞት እንጂ የሀገሩን ታሪክ አይነግረንም። የጎንደር ነገሥታት ተከሰዋል፣ ተሽረዋል፣ ተገድለዋልም። በ1761 ዓ.ም የትግሬው ገዢ ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን አስገደሉ። ጦሩም መሣሪያውም በእጃቸው ነበር፤ ከፊታቸው የሚቆም ሰው አልነበረም። ሆኖም ራሳቸው አልነገሡም። ከንጉሣዊው ዘር አንድ ሽማግሌ ፈልገው ዮሐንስ ብለው አነገሡ፤ ሽማግሌው ከጥቂት ወራት በኋላ ሲያልፉም የሽማግሌውን ልጅ ተክለ ሃይማኖትን ተኩ። ከዚያ በኋላ በመጣው በዘመነ መሳፍንት ነገሥታቱ የየጁ ባላባቶች መጫወቻ ሆኑ፤ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ዙፋን ላይ ወጥተዋል፣ “ፍጻሜ መንግሥት” የሚል ቅጽልም ወጥቶላቸዋል። ሰማንያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ንጉሡ ከግቢው ውጭ የሚያዝዘው አልነበረውም። ዘውዱ ግን አልጠፋም። በ1847 ዓ.ም የቋራው ካሣ ባላንጣዎቻቸውን አንድ በአንድ ድል አድርገው ሲጨርሱ የፈለጉት አዲስ ዓይነት ሥልጣን አልነበረም፤ ደረስጌ ማርያም ሄደው በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀቡና ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ይህ ጽናት ከየት መጣ? ከነገሥታቱ ብርታት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ብዙዎቹ ብርቱ አልነበሩም። መልሱ ዘውዱ የብዙዎች የጋራ ሀብት መሆኑ ላይ ነው። መስፍኑ በራሱ አገር፣ በራሱ ጦርና በራሱ ግብር ይኖራል፤ ንጉሥ ቢወርድ እሱ አይወርድም። ለመንገሥ ቢያስብ ሌሎቹ መሳፍንት አይፈቅዱለትም፤ የሰሎሞንን ዘር የያዘ ዙፋን ግን ማንም ከማንም ሳይበልጥ ሁሉም የሚስማማበት ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ የምትቀባውና የምታወግዘው ጳጳስ ከእስክንድርያ ስለሚመጣ ቃሉ ከቤተ መንግሥት ጓዳ የወጣ አይመስልም። ስለዚህ ዘውዱ የመሳፍንቱም፣ የካህናቱም፣ የመሐል ሰፋሪውም (የማዕከሉ ጦር) ንብረት ነበር፤ ንጉሡ የሚያዝበት ባለ አደራ ነው። ይህን ማለቴ ዘመነ መሳፍንትን ለማወደስ አይደለም። በነዚያ ጦርነቶች ሁሉ እህሉን የሚያስበላው፣ ከብቱን የሚያስነዳው ገበሬው ነበር። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ክፉም ይሁን ደግ፣ ያ ሥርዓት ንጉሥን ጥሎ ዘውድን የሚያተርፍበት መንገድ ነበረው።

ያ መንገድ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው በ1909 ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሚኒስትሮች ሾመው ነበር፤ ነገር ግን ሲታመሙና በ1906 ዓ.ም ሲሞቱ አገሩን ያቆዩት ሚኒስቴሮቹ አልነበሩም፤ የየጠቅላይ ግዛቱ መኳንንት፣ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ጳጳሱና መሐል ሰፋሪው ናቸው። እነዚህ ሰዎች ልጅ ኢያሱን ለመሻር የተስማሙበት ምክንያት የተደባለቀ ነው፤ የሃይማኖት ክስ ነበረበት፣ የሸዋና የወሎ ፉክክር ነበረበት፣ የሸዋ ሹማምንት የሥልጣን ሥጋትም ነበረበት። ነገር ግን የሻሩት ንጉሥ ከሄደ በኋላም ቤታቸው ቤት፣ ጦራቸው ጦር ሆኖ እንደሚቀር ያውቃሉ። ለዚህ ነው ወዲያው ሌላ ንጉሥ የተገኘው። በ1910 ዓ.ም ደግሞ መሐል ሰፋሪው ተሰልፎ ሚኒስትሮቹ ሁሉ ይነሱልን አለ፤ ከሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሁሉም ተነሡ። ወታደር የንጉሥን ሚኒስትሮች በጩኸት ሲያስነሣ ይህ የመጀመሪያው ነው። በዚያን ጊዜ ግን ከወታደሩ በላይ ሀብተ ጊዮርጊስን የመሰለ፣ በሁለቱም ወገን የሚፈራ ሰው ስለነበረ ነገሩ እዚያው ቆመ።

አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከዚህ ሁሉ የተማሩት ትምህርት ግልጽ ይመስላል፤ ንጉሥን ሊሽር የሚችል ሁሉ መወገድ አለበት። ይህን ሥራ ከእሳቸው የበለጠ በትዕግሥት የሠራ የኢትዮጵያ ንጉሥ አላውቅም። በ1920 ዓ.ም የሲዳሞው ደጃዝማች ባልቻ ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው አዲስ አበባ ሲመጡ፣ ግብር ተጋብዘው በቤተ መንግሥት ሳሉ ጦራቸው ከሰፈረበት በገንዘብና በማባበል ተበተነ፤ ባልቻ ሲወጡ ጦር አልነበራቸውም። በመጋቢት 1922 የበጌምድሩ ራስ ጉግሳ ወሌ አንቺም ላይ ወደቁ፤ በዚያ ውጊያ አውሮፕላን ተሠማርቷል። ከሁለት ቀን በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ አረፉ፤ በጥቅምት 1923 ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። በ1924 የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተያዙ፣ በዚያው ዓመት ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ በራሷ ባላባት ትተዳደር የነበረችው ጅማም በአዲስ አበባ ሹም ሥር ገባች። ብዙ ደም ሳይፈስ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ፣ ከዳር ሆኖ ንጉሥ ሊያወርድ የሚችል መስፍን የለም ማለት ተቻለ።

በዚያው ጊዜ የወጣው የሐምሌ 1923 ሕገ መንግሥት ይህንኑ ሥራ በወረቀት አጸናው። አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መነሻቸው በ1881 ዓ.ም የወጣው የጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ሕጉ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች አቋቋመ፤ የመጀመሪያውን አባላት ንጉሡ ይሾማሉ፣ የሁለተኛውን መኳንንቱና ባላባቶቹ ይመርጣሉ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ዘውዱ ከኃይለ ሥላሴ ዘር እንዳይወጣ መደንገጉ ነው። እስከዚያ ድረስ ዙፋኑ የሰሎሞን ቤት ነኝ ለሚል ሁሉ ክፍት ነበር፤ መኳንንቱና ጳጳሱ ከብዙዎች አንዱን ይመርጡ ነበር። አሁን የአንድ ሰው ቤተሰብ ሆነ። ከጃፓን የተወሰደው የንጉሡ ቅድስናና የማይደፈር ክብር ነው፤ የጃፓን አሠራር ግን አልተወሰደም። እዚያ ንጉሡ ይከበራል እንጂ በየቀኑ አይወስንም፤ በስሙ የሚወስኑት ሽማግሌዎቹ፣ ሚኒስትሮቹና የጦር አለቆቹ ናቸው። በነሐሴ 1937 ያ አገር በጦርነት ድቅቅ ብሎ ሲሸነፍ ተይዘው የተፈረደባቸው እነዚያ ሰዎች ሆኑ፤ ዙፋኑ እስከ ዛሬ አለ። በኛ አገር ጥፋት የሚላከክበት ሰው ከንጉሡ በታች እንዳይቀር የተደረገው ሥልጣን ከንጉሡ በታች እንዳይቀር ሲደረግ ነው።

የጣልያን ወረራ ይህን ጉዞ ያቋረጠው ቢመስልም በውጤቱ አፋጠነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲመለሱ ብዙ የድሮ መኳንንት ሞተዋል፣ ወይም ለጣልያን ገብተው ክብራቸውን አጥተዋል፤ በዱር የቆዩት አርበኞች ደግሞ በማዕረግ ተያዙ። በ1934 ዓ.ም በወጣው የጠቅላይ ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ገዢው ደመወዝተኛ ሆነ፤ ግብሩ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር እንዲገባ፣ የግል ጦርም እንዳይኖር ተደረገ። በ1936 በትግራይ ወያኔ የተባለው ዐመፅ ሲነሣ ከኤደን በተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ድብደባ ተበተነ። ቤተ ክርስቲያኒቱም ከዚህ አላመለጠችም። ከእስክንድርያ ጋር የተደረገው ረጅም ድርድር በ1951 ዓ.ም አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሲሆኑ ተፈጸመ። ይህ የሀገር ኩራት ነበር፣ ተገቢም ነበር። ነገር ግን ከዚያ ጀምሮ ቀቢው በተቀቢው ፈቃድ የሚመረጥ ሆነ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። መሳፍንቱ ጦራቸውን ይዘው ቢቀሩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አንድ አገር፣ አንድ ግብር፣ አንድ ጦር ከየት ይመጣል? በ1928 ጣልያን ሲገባ የታየው የመኳንንት ጦር አሰላለፍ፣ የራስ ጉግሳ አርአያ ልጅ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ለጠላት መግባታቸው፣ የድሮው ሥርዓት በዘመናዊ ጦርነት ፊት የማይቆም መሆኑን አላሳየም? አሳይቷል። ንጉሠ ነገሥቱ የድሮዎቹን ምሰሶዎች ማንሣታቸው ስሕተት ነበር ብዬ አልከራከርም። ክርክሬ ሌላ ነው። ምሰሶ ሲነሣ ሌላ ይተከላል። ለዚያም ዕድልና ሰው ነበረ፦ ፓርላማው፣ ካቢኔው፣ የተማረው ወጣት፣ በኋላም የሠራተኛ ማኅበሩ። ከነዚህ አንዱ እንኳ ለራሱ የቆመ፣ ንጉሡ ቢወድቅ የማይወድቅ አካል እንዲሆን አልተፈቀደለትም። በ1947 ዓ.ም ብርቱው የጽሕፈት ሚኒስትር ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከማዕከሉ ተነሥተው አርሲ ተላኩ። ከአሥር ዓመት በላይ የቤተ መንግሥቱን ሥራ የመሩ ሰው ናቸው፤ ወድቀው ሲሄዱ ያጉረመረመ ክፍል፣ ይመለሱ ያለ ወገን አልነበረም። ሹም ሽር የሚባለው ጥበብ ሙሉ በሙሉ ሠርቷል ማለት ነው።

በጥቅምት 1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። ሕዝቡ የሕግ መምሪያውን አባላት በቀጥታ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ፓርቲ ግን አልነበረም። ፓርቲ የሌለው ተመራጭ በአብዛኛው በአገሩ መሬት ያለው ሰው ነበር፣ የመጣውም ያንን መሬት ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ ፓርላማው ለንጉሡ እንቅፋት ለመሆን ጉልበት አጣ፣ የጭሰኛውን ሕግ ለማሰናከል ግን ጉልበት አገኘ። ከሁለቱም ዓለም ክፉውን መረጠ ቢባል አያስቀይምም። በኋላ የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር ቢቋቋምም የመሬት አከራይና ተከራይ ረቂቅ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ሥርዓቱ አለፈ።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ከጸጥታው ሹም ከወርቅነህ ገበየሁና ከፖሊስ አዛዡ ከጄኔራል ጽጌ ዲቡ ጋር ሆነው መፈንቅለ መንግሥት አካሄዱ። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በሬዲዮ የአዲሱን መንግሥት መግለጫ አነበቡ። ልብ ሊባል የሚገባው ዐመፀኞቹ እንኳ ዘውዱን ለመሰረዝ አለመነሣታቸው ነው። ጦር ሠራዊቱ በጄኔራል መርዕድ መንገሻና በጄኔራል ከበደ ገብሬ መሪነት ከንጉሡ ጋር ቆመ፤ አቡነ ባስልዮስ ዐመፀኞቹን አወገዙ። ሲሸነፉ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን የያዟቸውን አሥራ አምስት ሹማምንት ገደሉ፤ ከነዚያ መካከል ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻና አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ ነበሩበት። ንጉሡ ተመለሱ፤ ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ መንግሥቱ ንዋይ በመጋቢት ተሰቀሉ። ድሉ የንጉሡ መሰለ። ሒሳቡ ሲታይ ግን የዘውዱ ኪሳራ ነው። በራሳቸው ስምና ክብር ንጉሡን ሊመክሩ የሚችሉ የመጨረሻዎቹ ሽማግሌዎች በአንድ ክፍል ውስጥ አለቁ። ጦር ሠራዊቱ ደግሞ ንጉሡን ያዳነው እሱ መሆኑን አወቀ፤ በዚያው ዓመት የደመወዝ ጭማሪ ጠይቆ አገኘ። ጭማሪው የተሰጠው በውለታ ይሁን በፍርሃት፣ ወታደሩ የተማረው ያው ነው።

ቀጥሎ ያሉት አሥራ ሦስት ዓመታት በብዙ መጽሐፍ ውስጥ እንደ መዝጊያ ይነበባሉ፤ እኔ እንደ ባዶ ዓመታት ነው የማያቸው። አክሊሉ ሀብተ ወልድ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፣ ከ1958 ጀምሮ ሚኒስትሮቹን መርጠው እንዲያቀርቡ ተፈቅዶላቸዋል፤ ነገር ግን ሚኒስትሩ በሳምንቱ ቀን ለንጉሡ ራሱ እየቀረበ ጉዳዩን ስለሚያስወስን ፈቃዱ ጥላ ነው። በ1955 የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈረሰ፤ በራሱ ምክር ቤት፣ በራሱ ሕግ ከዘውዱ ጋር ተስማምቶ ሊኖር ይችል የነበረ ብቸኛው አካል ጠፋ፣ በምትኩ ጦርነት መጣ። በባሌ ገበሬው ዐመፀ። በ1957 ተማሪዎች “መሬት ለአራሹ” ብለው ወጡ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም ተነሣ፤ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ተዛወሩ፣ ንጉሡ ራሳቸው ሄደው ውዝፉን ማሩ። የጎጃሙ ነገር ትምህርት አለው። ከገዢው እስከ ንጉሡ ድረስ አቤቱታ የሚቀበል፣ የሚከራከር፣ የሚያስታርቅ ሌላ ማንም አልነበረም፤ ስለ አንድ ግብር ንጉሠ ነገሥቱ መሄድ ነበረባቸው። በዙሪያችን በነዚህና ከነዚህ ቀደም ባሉት ዓመታት የሆነውም አልታየም ማለት አይቻልም፦ የግብጹ ፋሩቅ በሐምሌ 1944፣ የኢራቁ ፈይሰል በሐምሌ 1950፣ የሊቢያው ኢድሪስ በ1961 መጨረሻ፣ የአፍጋኒስታኑ ዛሂር ሻህ በሐምሌ 1965 ሁሉም የወደቁት በራሳቸው መኮንኖች እጅ ነው።

ከዚያ ረሃቡ መጣ። የወሎው እልቂት በ1965 እና በ1966 ብዙ አሥር ሺህ ሰው ጨረሰ፤ መንግሥት ነገሩን ሸሸገ፤ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በ1966 መጀመሪያ ዓለም አየው። ዘውዱን የጣለው ይህ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ስሜቱም ይገባል። ነገር ግን ከዚያ የከፋ ረሃብ ይህ አገር አይቷል። ከ1880 እስከ 1884 በቆየው ክፉ ቀን ከብቱ በበሽታ አልቆ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ረግፏል፤ ዘውዱ አልተነቃነቀም፣ እንዲያውም ምኒልክ በዚያው መካከል ነገሡ። በ1950 እና በ1951 ትግራይ ውስጥ ብዙ ሕዝብ በረሃብ አልቋል፤ አዲስ አበባ እምብዛም አልሰማችም። ረሃብ ብቻውን ንጉሥ አይጥልም። የወሎው ረሃብ የገደለው የንጉሡን ስም ነው፤ ስሙ ሲሞት ደግሞ ዘውዱ ከስሙ ሌላ የቀረው ነገር አልነበረም። ለዚህ ነው ንጉሡን ያወረደው የወታደሮች ኮሚቴ፣ ደርግ፣ በሽረቱ ዋዜማ፣ የዘመን መለወጫ ምሽት፣ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አጣምሮ በቴሌቪዥን ያሳየው።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከወሎ አይደለም፤ ከሩቅ የጠረፍ ሰፈር ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች የውሃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናጠጣም ስላሏቸው ዐመፁ፤ ሊያጣሩ የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። በየካቲት የነዳጅ ዋጋ ጨመረ፣ ታክሲ ነጂዎች ቆሙ፤ መምህራን የትምህርት ዘርፉን ጥናት ተቃውመው ሥራ አቆሙ። ደብረ ዘይት አየር ኃይሉ፣ አሥመራ ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተከተሉ። ንጉሡ ደመወዝ ጨመሩ፤ ወታደሩም ጥያቄ ጨመረ። የካቲት 20 አካባቢ የአክሊሉ ካቢኔ ወረደ፣ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ። ሠራተኞች፣ ዝቅተኛ ካህናት ሳይቀሩ፣ አድማ መቱ፤ በሚያዝያ ሙስሊሞች ለእኩልነት ብዙ ሆነው አዲስ አበባን ሞሏት። ሁሉም ጥያቄውን ያቀረበው ለአንድ ሰው ነው፤ ሰውየው ሰማንያ አንድ ዓመት አልፏቸዋል። እነዚህን ሁሉ የፈጠራቸው ዘውዱ ራሱ እንደነበረ አይዘነጋም፤ ደመወዝተኛው ጦር፣ መምህሩ፣ ተማሪው፣ የሠራተኛው ማኅበር የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ባሌና ጎጃም በጠመንጃ ያላደረጉትን እነሱ በአድማ አደረጉት።

ከ1910 ጋር ያለው ልዩነት የሚታየው እዚህ ነው። ያኔም ወታደር ሚኒስትሮች ይነሡ ብሏል፣ ተነሥተዋል፣ ነገሩ አብቅቷል። በ1966 ግን ከወታደሩ ጋር የሚነጋገር አካል አልተገኘም። ጄኔራሎቹ ታማኞች ነበሩ፤ ትእዛዛቸው ግን ከቢሯቸው አይወጣም። ሰኔ 21 ቀን በአራተኛ ክፍለ ጦር የተሰበሰቡት ከየክፍሉ የተወከሉ ከመቶ በላይ ሰዎች ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ማዕረግ ያሉ ነበሩ፤ ደርግ የተባሉትም እነሱ ናቸው፤ “ኢትዮጵያ ትቅደም” አሉ፣ ለንጉሡም ታማኝ ነን አሉ። ከዚያ የሹማምንቱ ስም በሬዲዮ ይጠራ ጀመር። መኳንንቱ፣ ሚኒስትሮቹ፣ ጄኔራሎቹ አብዛኞቹ ራሳቸው መጥተው እጃቸውን ሰጡ። አያቶቻቸው ሲጠሩ ጦር ይዘው የሚመጡ ሰዎች ነበሩ፤ እነዚህ ግን የሕግ መወሰኛ ደመወዝ፣ የአዲስ አበባ ቤትና በሩቅ አገር ያለ መሬት እንጂ የሚከተላቸው ሰው አልነበራቸውም። በ1967 ሸፍተው የተዋጉት በአገራቸው ሥር የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው፤ የአፄ ዮሐንስ ዘር የሆኑት የትግራዩ ራስ መንገሻ ሥዩምና በመንዝ የራስ ብሩ ልጆች መስፍንና መርዕድ ከነሱ ይቆጠራሉ። በሐምሌ እንዳልካቸው ወርደው ልጅ ሚካኤል እምሩ ተሾሙ፤ በነሐሴ የዘውድ ምክር ቤቱና የዙፋን ችሎቱ ፈረሱ። ንጉሡን ሥልጣን አልባ አድርጎ የሚያስቀምጥ የሕገ መንግሥት ረቂቅም በዚያው ወር ተጠናቅቆ ነበር። አርባ ዓመት የዘገየ ወረቀት ነው።

ንጉሡ በጊዜ ለአልጋ ወራሹ ቢለቁ ኖሮ ዘውዱ ይተርፍ ነበር የሚሉ አሉ። አልጋ ወራሹ በ1965 በስትሮክ ታመው ለሕክምና አውሮፓ ነበሩ፤ በሚያዝያ 1966 የንጉሡ የልጅ ልጅ ዘርዓ ያዕቆብ ተተኪ ተባሉ፣ እሳቸውም እንግሊዝ አገር ተማሪ ናቸው። ጥያቄው ግን ማን ይተካ የሚል አይደለም፤ የተተካውን ማን ይደግፈው የሚል ነው። በ1909 ዘውዲቱ የቆሙት በራሳቸው ብርታት አልነበረም፤ ከኋላቸው ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ተፈሪ፣ ጳጳሱና የሸዋ ጦር ስለቆሙ ነው። ሌሎች ደግሞ የመሬቱ ጥያቄ ሳይፈታ ማንም ዘውድ አይቆምም ይላሉ፤ በዚህ እስማማለሁ፣ ነገር ግን መሬቱ ሳይፈታ የቀረው መፍታት የሚችል፣ ከንጉሡም ከባለ መሬቱም ውጭ የሆነ አካል እንዳይፈጠር ስለተደረገ ነው። ሁለቱ ምክንያቶች አንድ ሥር አላቸው።

በመስከረም 2 የታወጀው አዋጅ ራሱ ይህን ይመሰክራል። ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ዘውዱን ለመሻር አልደፈረም፤ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ከውጭ ሲመለሱ ሥልጣን የሌላቸው ንጉሥ ይሆናሉ ብሎ አወጀ። ራስ ሚካኤል ስሑልም ልክ እንዲሁ አድርገው ነበር። ለስድስት ወር ዘውዱ በወረቀት ቆመ፤ ለዘውዱ ብሎ የተነሣ ጦር፣ የተሰበሰበ ጉባኤ፣ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ግዝት አልታየም። ኅዳር 14 ቀን ስድሳ ያህል ሹማምንትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፣ ባለ መሬት የሚባለው ወገን በአንድ ቀን ከሥሩ ተነቀለ። ያኔ ደርግ የሚፈራው ነገር እንደሌለ አወቀና መጋቢት 12 ቀን 1967 ዓ.ም ዘውዱን ሠረዘው። ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 21 ቀን ሞቱ ተባለ፤ አስከሬናቸው ከደርግ ውድቀት በኋላ ተገኝቶ ጥቅምት 1993 ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። ደርግ ያቀረበላቸውን ንግሥና ሳይቀበሉ በስደት የቀሩት አስፋ ወሰን በ1981 ለንደን ላይ በደጋፊዎቻቸው ንጉሠ ነገሥት ተብለው ታወጁ፤ ጥር 1989 ዓ.ም አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አረፉ።